ምን አገባህ?

ደሴ ላይ የጥብቅና ፈቃድ ባወጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ አንዲት እናት ቢሮዬ ገቡ። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ናቸው፤ የነጠላቸው ጠርዝ ላይ ሊጥ ደርቋል። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ከመቀነታቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ጎረቤታቸው ቤት በሠራተኝነት የምትኖር የ14 ዓመት ልጅ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝ አልተከፈላትም፤ ትመታለችም። የልጅ ልጃቸው፣ ልጅቷ የጮኸችባቸውን ቀኖች በእርሳስ መዝግቦላቸዋል። ቆጠርኳቸው፤ 17 ነበሩ።

«ይክሰሱልኝ» አሉኝ።

የተማርኩትን ነገርኳቸው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 33 መሠረት ከሳሽ የሚሆን ሰው በጉዳዩ ላይ ጥቅም ሊኖረው ይገባል። ደመወዙ የእርስዎ አይደለም፣ ልጅቷ ዘመድዎ አይደለችም፣ ውክልናም የለዎትም። «እማማ» እያልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ፍሬ ነገሩ ግን «እርስዎን ምን አገባዎት?» ነበር፤ እሳቸውም የሰሙት ይህንኑ ነው።

ወረቀቱን መልሰው እየጠቀለሉ፣ «ልጄ፣ ግድግዳችን እኮ አንድ ነው፤ ስትጮኽ የምሰማው እኔ ነኝ» አሉና ወጡ።

ያ ሕግ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1958፣ ሐምሌ 11 ቀን፣ ዘ ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ለኢትዮጵያ ተመሳሳይ መልስ ሰጥቷታል። ይህን ፍርድ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ብዬ አጥንቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን እኚያ እናት ከወጡ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው የመንግሥታት ማኅበር ከጀርመን የተወሰደችውን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ የዛሬዋን ናሚቢያን፣ ለደቡብ አፍሪካ በአደራ ሰጠ። አደራው የሕዝቡን ደኅንነትና ዕድገት እንድትጠብቅ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን አፓርታይድን፣ ሰውን በዘር የሚለያየውን ሥርዓቷን፣ እዚያም ተከለች። የአገሩ ሰው ራሱ መክሰስ አይችልም፤ መንግሥት የለውማ። እናም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ የቀድሞው ማኅበር አባል በመሆናቸው አደራ በላውን ከሰሱ። አንድ ጋሻ መሬት አልጠየቁም፤ ካሳም አልጠየቁም።

ክርክሩ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ፍርዱ መጣ። ከዳኞቹ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ከጉዳዩ ተገልሏል። የቀሩት ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ የፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ሚዛኑን ደፋው። ደቡብ አፍሪካ አደራዋን በልታለች ወይስ አልበላችም የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። ፍርድ ቤቱ ያለው፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም፣ ሰብአዊ ርኅራኄም ብቻውን መብት አይፈጥርም ነው። ባጭሩ፣ ምን አገባችሁ?

ይህ መልስ አዲስ አበባ ላይ እንዴት እንደከበደ ለመረዳት ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

አያቴ ማይጨው ዘምተው ሲመለሱ አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ የመርዝ ጋዝ አግኝቷቸዋል። የግራ እግራቸው ባት ላይ ፀጉር አይበቅልም ነበር፤ ቆዳው እንደ ታሸ ሰም ያብለጨልጫል። ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ቅቤ የምቀባቸው እኔ ነበርኩ፤ ቦታው ሁልጊዜ ከሌላው ገላቸው ይቀዘቅዛል። ስለ ጦርነቱ ብዙም አያወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ «ዓለም ያውቅ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስለነበርኩ የማውቅ መስሏቸው።

ያውቅ ነበር። ኢትዮጵያ ከ1916 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች፤ ጣሊያን ወራሪ መሆኗንም ማኅበሩ ራሱ በይኗል። ማዕቀብ ተጣለ፤ ነዳጅ ግን በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የ1888ቱ (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል ተባለ። ከወረራው በፊት ደግሞ እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር፤ አንዱ መሣሪያ በፋብሪካው ይሠራል፣ ሌላው ከውጭ ካልገዛ አያገኝም። ብዙ ጊዜ የኃይል ፖለቲካ ሲባል ቦምብ የሚጥለውን ብቻ እናስባለን። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ «ለሁለቱም እኩል» የሚለው ነው። እኩል ባልሆኑ ሰዎች መካከል እኩል ቆሜያለሁ የሚል ሰው ለማን እንደቆመ ያውቀዋል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩ። ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለው ጠየቁ። መልሱ በቀናት ውስጥ መጣ፤ ማዕቀቡ እንዲነሣ ተወሰነ። ማዕቀቡ መነሣት የለበትም ብለው አጥብቀው ከተናገሩት አንዱ የደቡብ አፍሪካው መልእክተኛ ነበሩ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ግራ ገብቶኝ ነበር። በሩቅ ላለ ግፍ መጮኽና በራስ ጓሮ ግፍ መሥራት አንድ መንግሥት ውስጥ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው።

ስለ ራሳችንም ይህንኑ መናገር አለብኝ። ኢትዮጵያ ስለ ናሚቢያ አደራ ዘ ሄግ ላይ በምትከራከርበት ጊዜ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955፣ የተባበሩት መንግሥታት የወሰነውን የኤርትራን ፌዴሬሽን አፈረሰች። ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ ፍርድ ቤቱ የደቡብ ምዕራብ አፍሪካን ክስ የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። የዘ ሄጉ ክርክራችን እውነት ነበር፤ ሌላውም እውነት ነው። ለሰው የተናገሩት እውነት ቤት ውስጥ ያለውን በደል አይሰርዘውም።

ታዲያ «ያገባኛል» የሚለውን ሁሉ እንመን? በፍጹም። ጣሊያንም ባርነትን ላጠፋ ነው የመጣሁት ብላለች። ባርነት ደግሞ ነበረብን፤ ሰበቡን የሰጠናት እኛ ነን። ኃይለኛ አገር ድንበር ሲሻገር ሁልጊዜ የሰው ጩኸት ሰምቶ ነው የሚሻገረው። ስለዚህ እኔ መለኪያውን ገልብጬ ነው የማየው። ሕጉ ጥቅም የሌለው አይክሰስ ይላል፤ እኔ ግን በአገሮች መካከል መጀመሪያ የማምነው ጥቅም የሌለውን ነው። «ያገባኛል» ባዩ ሲያሸንፍ ምን ይዞ ይሄዳል? ወደብ? ማዕድን? ጦር ሰፈር? ወይስ ባዶ እጁን? ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ቢያሸንፉ ይዘውት የሚመለሱት ነገር አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ክሱን የጣለበት ምክንያት፣ በእኔ ዓይን፣ ከሳሾቹ ሊታመኑ የሚገባበት ምክንያት ነበር።

ፍርዱ ያንን ያህል አልኖረም። በወራት ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን የአደራ ሥልጣን ሻረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ያው ፍርድ ቤት፣ በሌላ ጉዳይ፣ አንዳንድ ግዴታዎች ለዓለም ሁሉ የሚገቡ ናቸው፣ ሁሉም አገር ያገባዋል አለ፤ ከነዚህም አንዱ ከዘር መድልዎ መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ ነፃ የወጣችው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ በመካከሉ የሞተውን ሰው የሕግ መጽሐፍ አይቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ትንሿ ጋምቢያ ስለ ማይንማር አናሳ ሙስሊሞች፣ ስለ ሮሂንጋዎች፣ ብላ ማይንማርን በዘር ማጥፋት ከሰሰች። ማይንማር «አንቺ የተለየ ጉዳት አልደረሰብሽም» ብላ ተከራከረች፤ በሐምሌ 2022 ፍርድ ቤቱ ያንን መቃወሚያ ውድቅ አደረገው። ያን ቀን ዜናውን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያሉኝ እንጀራ ሻጯ ናቸው።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አወጣሁ። አንቀጽ 11፦ ማንኛውም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም ባያይም እንኳ፣ ማመልከት ይችላል። ይህን አውቀው ነበር፤ ያልነገርኳቸው በፍትሐ ብሔር ስለመጡ ብቻ ነው፤ ሌላ በር እንዳለ ለማሳየት አልደከምኩም።

ቤታቸውን ጠይቄ አገኘኋቸው፤ ምጣዱ ላይ ነበሩ። እጃቸውን ታጥበው፣ ያንኑ ወረቀት ይዘው፣ አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ቃል ተቀባዩ ቀና ብሎ «ለልጅቷ ምኗ ነዎት?» አላቸው።

«ጎረቤቷ ነኝ።»

ጻፈው። ልጅቷ ከወር በኋላ ከደመወዟ ግማሽ ያህሉን ተቀብላ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ቀሪው እስከ ዛሬ አልተከፈላትም።