ለቤት ኢንሱሌሽን ኮንትራክተር ስንቀጥር

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ቤት ከገዛን ኢትዮጵያውያን ጥቂት የማንባለው የምንኖረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በተሠሩ የጡብ ቤቶች ውስጥ ነው። ቤቶቹ ግድግዳቸው ጠንካራ ቢሆንም፣ በተሠሩበት ዘመን ነዳጅ ርካሽ ስለ ነበረ ሙቀት እንዲይዙ ተብሎ ብዙም አልተለፋባቸውም። በተለይ ኬፕ ኮድ የሚባሉት፣ የላይኛው ፎቅ መኝታ ክፍላቸው በጣሪያው ተዳፋት ሥር የተዋቀረው፣ በሐምሌ ለመተኛት የሚያስቸግሩ፣ በጥር ደግሞ ማሞቂያው ሳያቋርጥ እየሠራ የማይሞቁ ናቸው። እኔም የምኖረው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀትና ብርድ በቀላሉ እንዳያልፍ የሚያግድ ሽፋን፣ ሳሠራ የተማርኩትን ቤት ላላቸውና ሊገዙ ላሰቡ ወገኖቼ ማካፈል እወዳለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የምለው፣ ከኮርኒሱ በላይ ሳይወጣ ዋጋ የሚነግርን ሰው አትቅጠሩ ነው።

ዋጋ እንዲሰጡኝ ከጠራኋቸው አንዱ የቤቱን ስፋት በስልክ ጠይቆ ወዲያው ቁጥር ነገረኝ፤ ሌላው መኝታ ክፍሉ መካከል ቆሞ ቀና ብሎ ካየ በኋላ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። በመጨረሻ የቀጠርኩት ሰው ግን ስለ ዋጋ አንድም ቃል ሳይናገር ጭንብሉን አጥልቆ፣ መሰላሉን አቁሞ፣ የኮርኒሱን ክዳን ከፍቶ ገባና ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ሲወርድ በስልኩ ያነሣቸውን ፎቶዎች አሳየኝ። ሮዝ ቀለም ያለው አሮጌ ፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር የሚሠራ ኢንሱሌሽን) ከታች ካሉት ግድግዳዎች አናት ትይዩ በረጅሙ ጠቁሯል፤ በመብራቶቹ ዙሪያም ጥቁረቱ ክብ ሠርቷል። ሻጋታ ይሆን ብዬ ስጠይቀው፣ ከቤት ውስጥ በየስንጥቁ ወደ ላይ የሚያመልጠው አየር ለዓመታት በፋይበርግላሱ ውስጥ ሲያልፍ አቧራውን እዚያው ጥሎ እየሄደ ያጠቆረው መሆኑን አስረዳኝ። «ገንዘብዎ የሚወጣው በዚህ በኩል ነው፤ ይህ ሳይደፈን ከላይ የምጨምረው ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው» አለኝ።

ጉዳዩ በእርግጥም እንዲሁ ነው። ፋይበርግላስም ሆነ ከወረቀት የሚሠራው ብናኝ ሴሉሎስ ሙቀት በዝግታ እንዲያልፍ ያደርጋል እንጂ የአየርን መንገድ አይዘጋም፤ በብርዱ ወራት ደግሞ የሞቀው አየር ወደ ላይ እየወጣ ሲያመልጥ በምትኩ ቀዝቃዛው አየር ከምድር ቤቱ ስንጥቅ እየተሳበ ይገባል። ስለዚህ በውሉ ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት በግድግዳ አናት፣ በውሃና በኤሌክትሪክ መስመር መውጫዎች፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያና በኮርኒሱ ክዳን ላይ ያሉት ክፍተቶች በምን እንደሚደፈኑ ነው። ብዙ የዋጋ ማቅረቢያዎች ይህን ሥራ ጨርሶ አያነሡትም፤ ርካሽ የሚመስሉትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ክፍተቱን በግምት ሳይሆን በልኬት ለማወቅ ብሎወር ዶር የሚባል ምርመራ አለ። መርማሪው በፊት በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጥምና የቤቱ ውስጥ ግፊት ከውጭው በ50 ፓስካል እንዲያንስ ያደርጋል። በዚያን ጊዜ እጃችሁን በሶኬት፣ በመብራት ወይም በኮርኒሱ ክዳን አጠገብ ብታደርጉ ንፋሱ ጣታችሁን ሲመታ ይሰማችኋል። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የመብራት ኩባንያዎች በኢምፓወር ሜሪላንድ ፕሮግራም በኩል እንዲህ ያለውን ምርመራ በቅናሽ ሲያስደርጉ ቆይተዋል፤ ኮንትራክተር ከመጥራታችሁ በፊት ብትጠይቁ ይበጃል። የጽሑፍ ሪፖርቱ በእጃችሁ ካለ፣ ለሁሉም አቅራቢዎች አንድ ዓይነት ሥራ ሰጥታችሁ ዋጋቸውን በትክክል ማወዳደር ትችላላችሁ።

ስለ ዕቃው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የኢንሱሌሽን አቅም የሚለካው በአር-ቫልዩ (ቁጥሩ ከፍ ሲል አቅሙ ይጨምራል) ሲሆን፣ በእኛ አካባቢ ቀድሞ ጥቂት ኢንሱሌሽን ላለው ቤት ከኮርኒሱ በላይ እስከ አር 49 ማድረስ ይመከራል። ሴሉሎስ በአንድ ኢንች 3.5 ገደማ ስለሚሰጥ ይህ ወደ 14 ኢንች ውፍረት ማለት ነው። እንደ አረፋ የሚረጨው ስፕሬይ ፎም ውድ ነው፤ ቦታው ጠባብ በሆነበት ተዳፋት ላይ ዋጋውን ያወጣል፣ ሜዳ በሆነው ክፍል ላይ ግን ሴሉሎስ ይበቃል ባይ ነኝ።

ይልቅ ከጤና ጋር የተያያዘውን ጉዳይ አጥብቃችሁ ጠይቁ። በአሮጌ ቤት ኮርኒስ ላይ ጠጠር የሚመስል፣ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ወይም ወርቃማ ፍርፋሪ ካያችሁ ቨርሚኩላይት ሊሆን ስለሚችል አትንኩት፤ በሞንታና ክፍለ ግዛት ከሊቢ ማዕድን እስከ 1990 ይወጣ የነበረው ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ እርጥበቱን ወደ ኮርኒሱ ሳይሆን ወደ ውጭ ማስወጣቱን፣ በጣሪያው ጠርዝ ያሉት የአየር መግቢያዎች በአዲሱ ኢንሱሌሽን እንደማይደፈኑም አረጋግጡ። የውሃ ማሞቂያችሁ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ቤቱ ከታሸገ በኋላ ጭሱ በትክክል መውጣቱ ሊፈተሽ ይገባል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ሲገድል የሰማን ሁሉ የምናውቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚህም ይመጣልና።

ስለ ገንዘቡና ስለ ውሉ ስናገር ልቤ የሚያዝነው በመተማመን ስም በወገኖቻችን ላይ በሚደርሰው ጉዳት ነው። አንድ የማውቃቸው አባት «የእኛው ልጅ ነው» ብለው ያለ ውል ግማሹን በጥሬ ገንዘብ ከፍለው፣ ሰውየው ሁለት ከረጢት ሴሉሎስ ጥሎ ስልኩን ዘጋባቸው። በሜሪላንድ ሕግ የቤት ማሻሻያ ሥራ የሚሠራ ሰው ከሜሪላንድ ሆም ኢምፕሩቭመንት ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው፣ ቁጥሩንም በውሉ ላይ ሊጽፍ ይገባል፤ በቅድሚያም ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል አይችልም። የፈቃዱን ቁጥር በስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ማጣራት ይቻላል። ባለፈቃዱ ቢበድላችሁ ኮሚሽኑ ካሳ የሚከፍልበት የዋስትና ፈንድ አለው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲበድል ግን ፈንዱ አይደርስላችሁም። አንድ ኮንትራክተር ያገር ልጅም ቢሆን፣ ሐቀኛ ከሆነ ፈቃዱን ስትጠይቁት አይከፋውም።

በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ኢንሱሌሽን የሚገጥም ሁሉ የሸፈነውን ስፋት፣ ውፍረቱንና አር-ቫልዩውን፣ ብናኝ ከሆነም የፈሰሰውን ከረጢት ብዛት የሚገልጽ ደረሰኝ መስጠት አለበት። ብናኝ ከጊዜ በኋላ ስለሚረግብ፣ የሚጻፈው ከረገበ በኋላ የሚቀረው ዝቅተኛ ውፍረትም ሊሆን ይገባል። እኔ የመጨረሻውን ክፍያ የሰጠሁት የብሎወር ዶር ምርመራው ተደግሞ የሚያመልጠው አየር መቀነሱን ካየሁና በመኝታ ክፍሉ ጎን ያለችው ትንሿ የዕቃ ማስቀመጫ በር ከጀርባዋ ኢንሱሌሽን ከተለጠፈባት በኋላ ነው። ሠራተኞቹ ረስተዋት ነበርና በር ተከፍቶ እንደ ማደር ነው ብዬ አስመለስኳቸው።

የፌዴራል የግብር ቅናሹ፣ ማለትም ከዕቃው ዋጋ 30 በመቶ፣ በዓመት እስከ 1,200 ዶላር የሚመልሰው፣ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚሠራ ሥራ ቀርቷል፤ ዛሬ በእሱ የሚያባብላችሁን ሻጭ አትመኑት። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ግን ከ1976 ጀምሮ ያለው፣ ቤትን ከብርድና ከሙቀት ለመጠበቅ የሚረዳው የዌዘራይዜሽን እርዳታ ፕሮግራም ይህን ሁሉ በነፃ ይሠራል፤ በሜሪላንድ የሚያስተዳድረው የቤቶችና የማኅበረሰብ ልማት መሥሪያ ቤት ነው። ተከራይም ቢሆን በባለቤቱ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። በጡረታ የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ቅጹን ለመሙላት እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው፣ ልጆቻቸው ወይም ጎረቤቶቻቸው አብረው ተቀምጠው ቢሞሉላቸው ብዬ እለምናለሁ።