ያካጌኒ ላይ የቀረችው ጫማዬ

ካያክ (ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ) ከጀመርኩ ይሄው ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እስካሁን የቀዘፍኩት ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ፖቶማክ ወንዝ ላይ ብቻ ነበር። ከግሬት ፎልስ ፏፏቴ በታች በገደል መሃል የሚያልፈውን ውሃ ድንጋይ በድንጋይ ስለለመድኩት ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ባለፈው ወር ፔንስልቬንያ ሄደን ያካጌኒ ወንዝ ላይ ስንወርድ ግን ልኬን አወቅሁ። (በእንግሊዝኛ ተጽፎ ያየ ሰው ያካጌኒ ብሎ አያነበውም፤ ወንዙ ገና ከስሙ ያታልላል።)

ኦሃዮፓይል ከምትባለው ከተማ በታች ያለው ክፍል ክላስ 3 ነው። ክላስ የውሃው አስቸጋሪነት ደረጃ ነው፤ ከ1 እስከ 6 ስለሆነ «መካከለኛ ነው» ብዬ ገባሁ። ቁጥሩ ግን ስትገለበጡ ውሃው ወዴት እንደሚወስዳችሁ አይነግራችሁም።

እዚያ ዲምፕል ሮክ የሚባል ድንጋይ አለ። ከላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ሥሩን ግን ውሃው ቦርቡሮታል፣ ወንዙም ቀጥታ ወደሱ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ብቻ 3 ሰዎች ሞተውበታል። ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ ጀልባችሁን ተሸክማችሁ በዳር ማለፍ ትችላላችሁ። እኔ ተሸከምኩ። ጓደኞቼ ቀለዱብኝ፤ ይቀልዱ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ስሙን እንኳን ማንም ያልነገረኝ ቦታ ላይ። ተገለበጥኩ። ዋኝቼ ወደ ዳር ተጠጋሁ፤ ውሃው ወገቤ ጋ ሲደርስ «አለቀ» ብዬ ቆምኩ። እግሬ በሁለት ድንጋይ መሃል ተቀረቀረ። ውሃው ከኋላ ገፍቶ በፊቴ ደፋኝ። ጫማዬ ባይወልቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ሕጉን ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ፤ በጀርባ መንሳፈፍ፣ እግርን ወደ ላይ አንስቶ ውሃው ወደሚፈስበት አቅጣጫ መዘርጋት፣ ውሃው ከጉልበት በታች ሳይሆን አለመቆም። ግን ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ጸጥ ሲል ረሳሁት።

አሁን አዲስ ወንዝ ከመግባቴ በፊት የሰፈሩን ቀዛፊ እጠይቃለሁ፣ የዕለቱን የውሃ ከፍታ አያለሁ። ማዶው የማይታይ ኩርባ ሲመጣ ወርጄ በእግሬ አያለሁ። የሚያሳስበኝ የወደቀ ዛፍ ነው። እንደ ጠጅ ማጥለያ ነው፤ ውሃው ያልፋል፣ ሰው ይቀራል። የራሴ ፖቶማክም ቢሆን ብሩክሞንት ላይ ግድብ አለው፤ ከላይ ሲያዩት ተራ ደረጃ ይመስላል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ግን ወደ ኋላ እየጠቀለለ የገባበትን አይለቅም።

በሚቀጥለው ወር እንመለሳለን። አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ። ዲምፕልን አሁንም በእግሬ ነው የማልፈው።