ክሎሰ፦ 16ቱም ግቦች ከሳጥን ውስጥ

የጀርመናዊው አጥቂ የሚሮስላቭ ክሎሰ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ቁጥሩ ነው፤ በ4 የዓለም ዋንጫዎች፣ በ24 ጨዋታዎች 16 ግብ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግቦቹ የተቆጠሩበት ቦታ ነው። ከ16ቱ አንዷም ከሳጥን ውጪ የተመታች አይደለችም። በፍፁም ቅጣት ምት የገባችም የለችም። 7ቱ በግንባር የተገጩ ናቸው፤ ከነዚህ 5ቱ የተቆጠሩት በአንድ ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

በ1978 ኦፖሌ፣ ፖላንድ ተወልዶ በ8 ዓመቱ ጀርመን ገባ። አባቱ እግር ኳስ ተጫዋች፣ እናቱ ደግሞ ለፖላንድ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈች የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበሩ። እሱ ግን በትልቅ ክለብ አካዳሚ አላለፈም። አናጢነት ተምሮ በአነስተኛ የመንደር ክለብ ሲጫወት ቆይቶ በ1999 ወደ ካይዘርስላውተርን ሁለተኛ ቡድን ሄደ። በ2001 ለጀርመን ተሰልፎ አልባኒያ ላይ በመጀመሪያ ጨዋታው የማሸነፊያዋን ግብ በግንባሩ አስቆጠረ።

ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ85 አይበልጥም፤ ለግንባር ኳስ ከእሱ የሚረዝም ተከላካይ ሞልቷል። ልዩነቱን የሚያመጣው አነሳሱ ነው። ኳሷ ከመስመር ከመሻማቷ በፊት ከተከላካዩ ጀርባ ይቆማል፤ ተከላካዩ ኳሷን ሲያይ እሱን አያይም፣ እሱን ሊፈልግ ሲዞር ኳሷን ያጣል። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሮጦ በአንድ እግሩ ይነሳል። ቆሞ በሁለት እግር የሚዘል አጥቂ ከፍታም ጉልበትም ያጣል። ቀድሞ ኳሷ ሥር የገባም ግንባሩን ትቶ በአናቱ ስለሚመታት ኳሷ ወደ ላይ ትሄዳለች። ክሎሰ ዘግየት ብሎ ስለሚደርስ ኳሷን ከፊቱ ያገኛታል፣ በአንገቱ ገፍቶ ወደ መሬት ይሰዳታል። በ2002 የዓለም ዋንጫ ሳውዲ አረቢያ 8 ለ 0 በተሸነፈችበት፣ ጃፓን ሳፖሮ ከተማ በተደረገው ጨዋታ ሦስቱን ግቦቹን በግንባር ያስቆጠረው እንዲህ ነው።

በ2005/06 ለቬርደር ብሬመን 25 ግብ አግብቶ የቡንደስሊጋው ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በዚያው ክረምት በዓለም ዋንጫው በ5 ግቦች ቀዳሚ ነበር። በኋላ በሄደበት ባየርን ሙኒክ ግን ነገሩ እየከበደ ሄደ፤ በ2009/10 የሊግ ግቦቹ 3 ብቻ ነበሩ። ጨዋታ ያጣ አጥቂ መጀመሪያ የሚጎድልበት የመነሻ ጊዜው ነው፤ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ተከላካዩ ይቀድመዋል። ለዚህ ነው በ2010 ደቡብ አፍሪካ ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ያስቆጠራቸውን 4 ግቦች ከሁሉም አብልጬ የማያቸው።

እንግሊዝ ላይ የገባችውን ቀስ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የጀርመኑ በረኛ ማኑኤል ኖየር የግብ ምቱን (ጎል ኪክ) አርቆ ይመታል። በዚህ ምት ኦፍሳይድ የለም፤ ክሎሰ ከተከላካዮቹ አልፎ መቆም ይችላል። የእንግሊዙ ተከላካይ ጆን ቴሪ ወደ ፊት ወጥቷል፣ መሃሉ ክፍት ነው። ክሎሰ ኳሷ ነጥራ ስታልፍ ሌላኛውን ተከላካይ ማቲው አፕሰንን በትከሻው ይዞ ሰውነቱን በመሃል ያስገባል፣ ከዚያ ተንሸራትቶ በእግሩ ጫፍ ይነካታል። ጠንክሮ መምታት አያስፈልግም፤ በረኛው ወጥቷል።

በዚያው ውድድር ሰርቢያ ላይ በ37ኛው ደቂቃ በሁለት ቢጫ ካርድ ወጥቷል። ከሳጥን ርቆ መሃል ሜዳ ላይ ከኋላ ኳስ ለመንጠቅ ሲሞክር በተሠሩ ጥፋቶች ነው፤ ቡድኑም 1 ለ 0 ተሸነፈ።

በ2012 ለላዚዮ ሲጫወት ናፖሊ ላይ ያገባትን ግብ በእጁ እንደነካት ለዳኛው ነግሮ አሰርዟል። ላዚዮ ያን ቀን 3 ለ 0 ተሸንፏል።

በ2014 የዓለም ዋንጫ ደግሞ 36 ዓመቱ ነበር። ጋና 2 ለ 1 እየመራች ተቀይሮ ገብቶ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አቻ አደረገ፤ ከማዕዘን ምት የመጣችውን ኳስ የቡድን ጓደኛው ሆቨደስ በግንባሩ ሲያሳልፋት እሱ ሩቁ ቋሚ ጋር እየጠበቃት ነበር። ያቺ 15ኛዋ ነበረች፣ በወቅቱ የዓለም ዋንጫ የግብ ክብረ ወሰን ከያዘው ብራዚላዊው ሮናልዶ ጋር እኩል ያደረገችው። 16ኛዋ ቤሎ ሆሪዞንቴ ከተማ ውስጥ ብራዚል ላይ በ23ኛው ደቂቃ መጣች። የመጀመሪያ ምቱን የብራዚሉ በረኛ ጁሊዮ ሴዛር መለሰበት፤ ክሎሰ ግን ከመታ በኋላ አልቆመም ነበርና የተመለሰችው ኳስ እግሩ ሥር አገኘችው፣ መትቶ አስገባት።