ላርጎ ስሠራ ያወቅኩት የኮስቲክ ነገር

ላርጎ መሥራት የጀመርኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። ሥራ ያጣሁበት ሰሞን ነበር። የ3 ቀን ሥልጠና ወሰድኩና ቀመሩን በደብተር ጽፌ መርካቶ ወረድኩ። ላብሳ (አረፋ የሚሰጠው አሲድ)፣ ኮስቲክ ሶዳ (አሲዱን የሚያመክነው ኃይለኛ ኬሚካል)፣ ጨው፣ ቀለም፣ ሽቶ ገዛሁ። ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ በርሜልና የእንጨት ማማሰያ አለኝ። ፋብሪካዬ በቃ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ላርጎ ውሃ ሆነብኝ። ጨው ያወፍረዋል ተብዬ ነበር፤ ጨመርኩ። አልወፈረም፤ ደግሜ ጨመርኩ። ለካ ጨው የሚያወፍረው እስከ ልኩ ድረስ ነው፤ ካለፈ መልሶ ያቀጥነዋል። 100 ሊትር ላርጎ ለደረጃ ማጠቢያ ዋለ። የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ እንደዚያ ሰሞን ጸድቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ወፈረ፣ አረፋውም ጥሩ ነበር። ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት 20 ሊትር ወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ ሳሙናሽ የልጆቹን እጅ ላጠ።» ኮስቲኩን የሰፈርኩት በኩባያ ስለነበር በዝቶ ነበር። ለ1 ኪሎ ላብሳ የሚበቃው ከ120 እስከ 130 ግራም ነው። ገንዘባቸውን መለስኩ፣ ሚዛንና የፒኤች ወረቀት (አሲዱና ኮስቲኩ መመጣጠናቸውን የሚያሳይ) ገዛሁ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፦ ኮስቲኩን ውሃው ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ኮስቲክ ላይ እንዳታፈሱ። ይፈላና ይፈናጠራል፣ ዓይን ያጠፋል።

እጄ እየተካነ ሲመጣ ደግሞ ዋጋው መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። መርካቶ ስሄድ ባለሱቁ ላብሳው ፊቱ ተደርድሮ እያለ አልሸጥም አለኝ። «ነገ በስንት እንደምተካው አላውቅማ፣ እህቴ።» እኔ ደግሞ ለሁለት ሆቴሎች ለ3 ወር በድሮ ዋጋ ላቀርብ ፈርሜያለሁ። ልዩነቱን ከኪሴ ሞላሁት።

ያኔ ነው እያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደሚመጣ ማጣራት የጀመርኩት። ላብሳ መነሻው ላምባ ነው። ነዳጅ ማጣሪያ ለሌለው አገር ከውጭ መምጣቱ አይገርምም።

ያናደደኝ ኮስቲኩ ነው። በጨው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ኮስቲክና ክሎሪን ይወጣሉ። ሁለቱን መልሰህ ስታገናኛቸው በረኪና ይሆናሉ። ጨው አፍዴራ ሞልቷል። መብራቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ለ1 ቶን ኮስቲክ ከ2,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ቢሆንም ዓባይን ገድበን ኃይል ማመንጨት ጀምረናል። ታዲያ የእኔ ኮስቲክ ለምን በመርከብ ይመጣል?

ኬሚካል በማምረት ከምንም አልተነሳንም እኮ። አብያታ ሐይቅ ዳር ውሃው በፀሐይ እየተነነ ሶዳ አሽ ይመረት ነበር። መልካሳ ሰልፈሪክ አሲድና የቧንቧ ውሃ የሚጣራበት አሉሚኒየም ሰልፌት የሚሠራ ፋብሪካ አለ። ቆዳ አልፊው አሲድ ይፈልጋል፣ ጨርቅ የሚያነጣው ኮስቲክ፣ ጠርሙስ የሚያቀልጠው ሶዳ አሽ። እነዚህ ከውጭ ሲመጡ ዶላር አንድ ጊዜ ሲያነጥስ ሁላችንም አብረን እንታመማለን። ብቻ ፋብሪካ ይሠራ ስል ዝም ብሎ አይደለም፤ አካባቢውም ይታሰብበት። አብያታ ከድሮ ዳርቻው ምን ያህል እንደሸሸ ሄዶ ያየ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ዋጋ የምሰጠው ለ15 ቀን ብቻ ነው። ከሁለት ሴቶች ጋር ተዋጥተን ላብሳ በበርሜል እንገዛለን። ባለ ምግብ ቤቷ ደንበኛዬም ተመልሰዋል። እስከ ዛሬ ግን ጀሪካኑን ከፍተው፣ ጠብታ በጣታቸው አሽተው፣ ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ካላዩ አይከፍሉኝም።