የአያቴን ውጅግራ እንዴት እንዳጠቆርሁት

ወረኢሉ በሚገኘው የአጎቴ ቤት፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ፣ ከአያቴ የተወረሰ አንድ ውጅግራ የሚባል አሮጌ ጠመንጃ ለብዙ ዓመታት ተሰቅሎ ኖሯል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ሄጄ ባወርደው፣ ወደ ቤቱ የሚያየው ወገኑ ከእጅ ብዛት ነጥቶ፣ ወደ ግድግዳው የዞረው ወገኑ ደግሞ በቀይ ዝገት ተበልቶ አገኘሁት። ኮምቦልቻ ውስጥ በተርነርነት የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ ብረት ማለስለስ መቼም አያቅተኝም ብዬ «እኔ አድሰዋለሁ» አልሁ። አጎቴ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «አድሰው፤ ግን የአባቴን ፊት አጥበህ ሌላ ሰው አድርገህ እንዳታመጣብኝ» አለኝ። የመሣሪያው ፈቃድ በእሱ ስም ስለሆነ ከግቢው እንዳይወጣ ተስማማንና ሥራውን እዚያው ጀመርሁ።

ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ሲሆን፣ ጠመንጃው የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ አፉ 11 ሚሊሜትር የሆነና አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የሸዋን ጦር ለዓድዋ ዘመቻ እንዲሰበሰብ የቀጠሩት ወረኢሉ ላይ ስለነበረ፣ በአካባቢያችን ዓድዋ ያልዘመተ ውጅግራ የለም፤ ባለቤቶቹ ከተጠየቁ ማለቴ ነው። የእኛም ዘምቷል ይባላል። እኔ በዓይኔ ያየሁት በግራ ጎኑ ላይ በቅጥልጥል ፊደል የተቀረጸውን ጽሑፍ ነው፤ የሴንት ኤትየን ፋብሪካን ስምና የ1874 ሞዴል መሆኑን ይናገራል። ኤትየን ማለት በእኛ እስጢፋኖስ ማለት እንደሆነ ስነግረው አጎቴ «ታዲያ እስካሁን ታቦት ነዋ የሰቀልነው» ብሎ ሳቀ።

አጎቴ ባዶ ነው ብሎ ቢምልም ማቀባበያውን አውጥቼ ውስጡን በብርሃን ካላየሁና ከአፈሙዙ በኩል ቀጭን ዘንግ አስገብቼ በሌላው ጫፍ መውጣቱን ካላረጋገጥሁ በቀር ካቻቪቴ አላነሳሁም። በጎረምሳነት ዘመን ተዘንግቶ የቀረ ጥይት ከአርባ ዓመት በኋላም ጥይት ነው። ብረቱን ከእንጨቱ ስለይ በእንጨቱ ተሸፍኖ የኖረው ወገን ጥልቅ ጥቁር ቀለሙን እንደያዘ አገኘሁት፤ ከዚያ በኋላ ልደርስበት የምፈልገው ቀለም የትኛው እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ምክር የሚሰጥ አልጠፋም ነበር። አንድ በያጅ ጥቁር ቀለም እንድነፋው፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ወዳጄ ደግሞ አፈሙዙን በከሰል አግዬ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ እንድነክረው መከሩኝ። ቀለሙ ይላላጣል፤ ማጋሉ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ብረትን ሊያጣምምና ጥንካሬውን ሊቀንስ ይችላል። በፋብሪካ እንደሚደረገው ከ135 ዲግሪ በላይ በሚፈላ የኮስቲክ ሶዳ ጨው መንከሩ ለጓሮ ሥራ የሚሆን አይደለም። ይህ ሦስተኛው መንገድ በተለይ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ላለው ሰው ክፉ ነው፤ ሁለቱን አፈሙዞች ያጣበቀውን የእርሳስና የቆርቆሮ ብየዳ ጨው ሊበላውና ሊለያያቸው ይችላል። እኔ የመረጥሁት የዝገት ማጥቆር የሚባለውን አሮጌ ዘዴ ነው፤ አሮጌው ዝገት ከተፋቀ በኋላ ብረቱን ሆን ብሎ ቀጭን አዲስ ዝገት ማልበስና ያንን ዝገት በፈላ ውሃ ወደ ጥቁር መለወጥ ማለት ነው።

ዝገቱን ለመፋቅ ዘይት ቀብቼ ካሳደርሁት በኋላ ከብረቱ የሚለሰልስ ነገር ስለፈለግሁ በጃንሆይ ዘመን የመዳብ ሳንቲም ጠርዝ ፋቅሁት፤ ሳንቲሙ ዝገቱን ሲያነሳ ብረቱን አይጭርም። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ ግን የሙያዬ ልማድ አሸነፈኝና፣ ጥቃቅን ጉድጓዶቹ እስኪጠፉ ድረስ ላለስልሰው ብዬ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ጀመርሁ። ማሽን ሾፕ ውስጥ የተጎደጎደ ብረት ሲታይ እጅ ይበላል። ቀና ብዬ ሳየው በግራ ጎኑ ካለው ጽሑፍ የፊተኞቹ ሦስት ፊደላት ሳስተው ጭረት ብቻ መስለው ቀርተው ነበር። የቀረውን ጽሑፍ በፕላስተር ሸፈንሁና ወረቀቱን ከእንጨት ጠፍጣፋ ላይ ጠቅልዬ፣ ጠርዞቹን ሳልነካ በርዝመቱ ብቻ እየሳብሁ ጨረስሁት። ጉድጓዶቹንም ተውኋቸው። ጥቁሩ ቀለም ጭረትን አይሸፍንም፤ ይልቁንም አጉልቶ ያሳያል፤ ስለዚህ ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ጊዜ ቀለም ከመንካት በፊት ያለው ነው።

ማዝገጃውን የሠራሁት ከፋርማሲ በተገዛ ግማሽ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ከግማሽ የቡና ስኒ አቼቶና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ደጅ ላይ፣ በላስቲክ ጓንት፣ ለቀኑ የሚበቃውን ያህል ብቻ፤ ምክንያቱም ድብልቁ ጋዝ ስለሚያወጣ በተከደነ ጠርሙስ ሊቀመጥ አይገባም። ብረቱን ከቅባት ለማጽዳት በቀላሉ በሚቀጣጠለው አሴቶን ስጠርገው የከሰል ምድጃው ገና አልተቀጣጠለም ነበር። የመጀመሪያውን ቅብ በጣም አርሼ ስለቀባሁት ተንጠባጥቦ መስመር ሠራ፤ ፍቄ እንደገና በውሃ ባቀጠንሁት ማዝገጃ፣ በተጨመቀ ጨርቅ፣ ብረቱ ላብ ያለው ያህል ብቻ ቀባሁት። የሐምሌ ጉም የቀረውን ሠራ፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ብረቱ እንደ በርበሬ ዱቄት የለሰለሰ ቀይ ዝገት ለበሰ።

ይህ ዝገት በፈላ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ማግኔታይት ወደሚባለው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ይለወጣል። ቀዩ ዝገት ብረቱን እየበላ ይረግፋል፤ ጥቁሩ ግን ላዩ ላይ ተጣብቆ ዘይት ይይዛል። መቀቀያውን ገንዳ ከላሜራ አሠርቼ ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያመጣሁት ሲሆን፣ በሁለት ከሰል ምድጃ ላይ አጋድሜው ሠላሳ ደቂቃ ቀቀልሁት። ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህም በመጽሐፍ ከሚባለው ጊዜ ላይ አሥር ደቂቃ ጨምሬአለሁ። ቀዩ ዓይኔ እያየ ወደ ጥቁር ከፈይ ተለወጠ። ከዚያ በአሴቶን በታጠበ ባለ አራት ዜሮ፣ ማለትም እጅግ ቀጭን ክር ባለው የብረት ሱፍ በቀስታ ስጠርገው ሥሩ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ሱፉ ራሱ ዘይት ተቀብቶ ስለሚሸጥ ሳይታጠብ ቢነካ የሚቀጥለው ቅብ አይዝም።

በመጀመሪያው ቀን ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የአፈሙዙን ሁለት ጫፎች በእንጨት ውታፍ ወትፌው ነበር። ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ አንዱን ውታፍ «ጧ!» አድርጎ አስፈነጠረውና የአጎቴ ልጆች «ጠመንጃው ተኮሰ!» እያሉ ከግቢ ወጡ። ከዚያ ወዲያ ክፍቱን እየቀቀልሁ፣ ካወጣሁት በኋላ ውስጡን ወዲያው አድርቄ ዘይት እቀባው ነበር። የቧንቧው ውሃም ነጭ ነጠብጣብ ስለተወበት ለባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ ለወጥሁት። በሦስተኛው የመቀባትና የመቀቀል ዙር ሳላስብ ያለ ጓንት ስለነካሁት የአውራ ጣቴ አሻራ ከእነመስመሮቹ በብረቱ ላይ ታተመ፤ እስከ ስድስተኛው ዙር አልጠፋም። ስምንት ዙር በአራት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ አሲዱን ለማክሸፍ የምግብ ሶዳ በተጨመረበት ውሃ ቀቅዬ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ ዘይት አጠጥቼ አሳደርሁት።

ሲነጋ ቀለሙ በእንጨቱ ሥር ከተደበቀው አሮጌ ጥቁር በጥቂቱ የደበዘዘ፣ ግን ከእሱ ጋር የሚዛመድ ሆኖ ወጣ። ገጣጥሜ ስሰጠው አጎቴ ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ ከአፈሙዙ ጀምሮ በጣቱ እየዳሰሰ ወረደና ግራ ጎኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ጥሩ ነው፤ እስጢፋኖስን ግን አሳስተኸዋል» አለኝ። ከዚያ ግድግዳውን እንዳይነካ ሁለት የወይራ ችካል መትተን፣ አራት ጣት ያህል አርቀን ሰቀልነው።