የሽንት ስትሪፕ የካልቸርን ውጤት አስቀድሞ ሲጠቁም፦ ከጎንደር የላቦራቶሪ ሥራዬ የተማርኩት

በጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በላቦራቶሪ ባለሙያነት እሠራለሁ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ለተጠረጠረበት ታካሚ ሁሉ ስትሪፕ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ በቀለሙ ለውጥ የሚነበብ ቀጭን መመርመሪያ) እናደርጋለን፤ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ግን እኛ ዘንድ ስለማይሠራ ናሙናው ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካል። ባክቴሪያው ማደጉ ቢፈጥን በማግስቱ ይታወቃል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ለማወቅ ደግሞ ተጨማሪ ቀን ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ሐኪሙ እጅ ላይ ያለው የእኛ ወረቀት ብቻ ስለሆነ፣ ስትሪፑ መቼ እንደሚታመን ለማወቅ ወደ ካልቸር የሚሄደውን ናሙና ሁሉ በአንድ መዝገብ መያዝ ጀመርኩ።

የስትሪፑን ንባብ የምጽፈው ናሙናው ከመላኩ በፊት ነው፤ የካልቸሩን ውጤት ያወቀ ዓይን ፈዛዛውን ቀለም ወደ ውጤቱ መጎተቱ አይቀርምና። ከንባቡ ጎን ታካሚው ለመጨረሻ ጊዜ የሸናበትን ሰዓትና አንቲባዮቲክ መውሰድ አለመውሰዱን እመዘግባለሁ። በምንጠቀምበት ስትሪፕ ናይትራይት (የባክቴሪያ ምልክት) በ60 ሰከንድ፣ ሉኮሳይት (የነጭ የደም ሕዋስ ምልክት) በ2 ደቂቃ ይነበባል። በ2 ሰዓት ውስጥ ለካልቸር የማይዘራ ሽንት ደግሞ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መቀመጥ አለበት፤ ክፍል ውስጥ ከቆየ ባክቴሪያው ስለሚራባ የካልቸሩ ቁጥር ራሱ ያሳስታል።

ናይትራይቱ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ካልቸሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ያድጋል፤ ኢ ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ፕሮቲየስ የተባሉት ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት ስለሚለውጡ ነው። ይሁን እንጂ ክዳኑ ሳይዘጋ የቆየ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ስትሪፕ ያለ ባክቴሪያም ሮዝ ሊሆን ስለሚችል፣ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው ሽንት ያልነካውን ስትሪፕ ቀለም ነው።

ብዙ ያስተማረኝ ግን የናይትራይት ኔጋቲቭ ነው። ለውጡ እንዲታይ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት ይኖርበታል። ከደምቢያ ጎህ ሳይቀድ የተነሣች ታካሚ የሌሊቱን ሽንት እዚያው ሸንታ ትመጣለች፤ ተራዋ ሲደርስ «አልመጣልኝም» ትልና ውኃ ደጋግማ ጠጥታ፣ ጥቂት ቆይታ ውኃ የመሰለ ሽንት ትሰጠናለች። ስትሪፑ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ካልቸሩ ግን ኢ ኮላይ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ቅርብ ለሚኖሩትና መጠበቅ ለሚችሉት ዕቃውን አስቀድሜ እሰጥና «እህቴ፣ ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የሚወርደውን ትተሽ መካከሉን ያዢልኝ፤ ሳይቆይም አምጪው» እላለሁ። ኢንተሮኮከስና ስታፊሎኮከስ ሳፕሮፊቲከስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ግን ናይትራይት ስለማያመነጩ፣ የጠዋት ሽንት እንኳ አያጋልጣቸውም።

ሉኮሳይት ኢስተሬዝ፣ ማለትም ስትሪፑ ላይ ሉኮሳይት የምንለው፣ የሚያሳየው ባክቴሪያን ሳይሆን ነጭ የደም ሕዋስን ነው። ሉኮሳይቱ ፖዘቲቭ ሆኖ ካልቸሩ ባዶ ሲመጣ መዝገቡን ገልጬ አያለሁ፤ ከፋርማሲ የተገዛ አንቲባዮቲክ ተጀምሮ ይገኛል፣ ወይም የማሕፀን ፈሳሽ ከናሙናው ጋር ተቀላቅሏል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ በግብረ ሥጋ የሚተላለፈውን ክላሚዲያንና የኩላሊት ቲቢን ማሰብ ይገባል። ናይትራይቱም ሉኮሳይቱም ኔጋቲቭ ሲሆኑና ምልክቱም ደካማ ሲሆን ካልቸሩ ባዶ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ስትሪፑን ከሁሉ በላይ የማምነው እዚህ ላይ ነው።

ይህ እምነት ለነፍሰ ጡሮች አይሠራም። ምልክት የሌለው ባክቴሪያ ወደ ኩላሊት ሊወጣባቸው ስለሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ካልቸርን፣ ካልቸር በሌለበት ደግሞ ከስትሪፕ ይልቅ ግራም ስቴይንን (ባክቴሪያውን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየትን) መክሯል። ማይክሮስኮፕና ቀለሙ ስላለን እኔም ይህንኑ ይዣለሁ። ሴንትሪፊዩጅ ባልተደረገ (በማሽን ባልተሽከረከረ) የሽንት ጠብታ ላይ፣ በዘይት በሚታየው ሌንስ በእያንዳንዱ እይታ አንድ ባክቴሪያ መገኘቱ በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ገደማ መኖሩን ይጠቁማል፤ ይህም ካልቸር ላይ እንደ ወሳኝ የሚቆጠረው መጠን ነው። አሁን ለእርግዝና ክትትል ክፍል በምልከው ወረቀት ላይ የስትሪፑ ንባብ፣ የግራም ስቴይኑ ውጤትና ሽንቱ ፊኛ ውስጥ የቆየበት ሰዓት አብረው ይጻፋሉ፤ አዋላጆቹም ሰዓቱ አጭር ሆኖ ሲያገኙት ናሙናው እንዲደገም ራሳቸው ይጠይቃሉ።