ዓይኗን ሳትጨፍን

ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። 16 ዓመት ቢሆናት ነው። የትምህርት ቤት ፎርም እየሞላች ነበር። ስም፣ ዕድሜ ቶሎ ቶሎ ጻፈችና «አድራሻ» ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እትዬ፣ የትናንቱን ልጻፍ ወይስ የዛሬውን?»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። (ያ ሳቄ እስካሁን ያሳፍረኛል።)

እናቷ ከሞተች ወዲህ አንድ ሳምንት ዘመድ ጋ፣ አንድ ሳምንት ጓደኛ ጋ ናት፤ ቦታ ሲጠፋ የትም። ቤት አልባ ስንል ጎዳና ላይ የተኛውን ብቻ ነው የምናስበው። በየሰው ሳሎን ወለል ላይ የሚያድረውን ማን ይቆጥረዋል?

ቦርሳዋን እግሮቿ መሃል አጥብቃ ይዛለች። ዚፑ ተበላሽቶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። የልደት ሰርተፊኬቷ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሏል፤ ከሥሩ የእናቷ ሻርፕ። «አላጠብኩትም፤ ሽታዋ እንዳይሄድ» አለችኝ።

የአድራሻውን ቦታ ባዶ ትተን የኔን ስልክ ጻፍን። «መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ ነኝ» አለች፣ ቀጠሮ እንደያዘ ሰው። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። እየጸለየች ነው፤ ዓይኗ ግን ፈጦ ቦርሳው ላይ። ሳያት ነቃችብኝ።

«ድሮ እጨፍን ነበር። አሁን ከጨፈንኩ ቦርሳዬ ይሄዳል። እግዜር ይገባዋል» ብላ ፈገግ አለች።

እስክሪብቶዬን ይዛው ሄደች።

ማታ በሬን ቆልፌ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዙሬ፣ ለጸሎት ዓይኔን ጨፈንኩ። ወዲያው መልሼ ገለጥኩት።